ሁለት ዓይን ይበቃል

የመጨረሻው የገረዛ ቀን ሲነጋ የወይን እርሻው እንዲህ ነበር። ከአንድ ረድፍ በቀር ሁሉም ተገርዟል። የተቆረጠው ሐረግ በየረድፉ መካከል ተከምሮ የሚፈጨውን ማሽን ይጠብቃል። ሽቦዎቹ ተወጥረዋል፤ የላይኛው ሽቦማ ከጫፍ ምሰሶ እስከ ጫፍ ምሰሶ ተወጥሮ ወፍ ባረፈበት ቁጥር ይጮኻል። ነፋስ የለም። አፈሩ መሞቅ ስለጀመረ ቀድመው የተገረዙት ወይኖች ከተቆረጡበት ጫፍ ጠብ ጠብ ይላሉ። ሠራተኞቹ ይህን «ወይኑ አለቀሰ» ይሉታል። የእርሻው ባለቤት ግን «ደማ» ነው የሚሉት። ነገር ማለባበስ አይወዱም።

ሴት ልጃቸው ሠራተኛው ሳይገባ ብቻዋን ወደ መጨረሻው ረድፍ ወረደች። መቀሷ በግራ እጇ ነው። ሥራዋ ከገራዦቹ ኋላ እየተከተለች ስህተታቸውን ማረም ነበር፤ ዛሬ ግን ልታርም ሳይሆን አውቃ ልትሳሳት ነው የመጣችው።

በዚያ እርሻ አንድ ሕግ ነበር። ወይን ሲገረዝ በየክንዱ ላይ አጫጭር ጉቶዎች ይቀራሉ፤ በየጉቶው ላይ ደግሞ አዲሱ ሐረግ የሚፈነዳባቸው ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ዓይን ይባላሉ። አባቷ ለእያንዳንዱ ጉቶ ከሁለት ዓይን በላይ አይፈቅዱም። ሦስት ከተተወለት ወይኑ ይስገበገባል፤ ቅጠል ያበዛል፣ ፍሬው ውሃ ውሃ ይላል። «ሁለት ዓይን ይበቃል» ይላሉ አዲስ ገራዥ በተቀጠረ ቁጥር፤ «እግዜርም ለሰው ልጅ የሰጠው ሁለት ነው።» ሁለተኛ ሕጋቸው አጭር ነበር፦ «የተወጠረ ሽቦ ጫፍ ላይ አትቁሙ።»

የዓይኑን ሕግ አውቆ የጣሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «መቀሱ» ይለዋል፤ እጁ ከመፍጠኑ የተነሳ መቀሱ ከእጁ ይብቀል እጁ ከመቀሱ ይብቀል አይለይም። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከኋላው እያረመች ስትሄድ፣ እሱ ከሠራው ረድፍ ዳር ላይ ሦስት ዓይን ያለው ጉቶ አገኘች። የሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብላ ቆርጣ ታልፍ ነበር። እሱ ግን ተሳስቶ አያውቅም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ሦስት ዓይን ነዋ።»

«አየሁት! ለምን ተውከው?»

«ሁለቱ ለወይኑ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «አንዱ እርስዎን ለማየት።»

«ዓይን አውጣ!» አለችው። ሦስተኛውን ዓይን ግን አልቆረጠችውም።

ከጀርባቸው ሐረግ ከሽቦ ጋር የሚያስሩት ሴትዮ ነበሩ። እማማ ቋጠሮ ይሏቸዋል፤ ከአፋቸው በቀር ሁሉን ነገር አጥብቀው ስለሚቋጥሩ። ማን ለማን እንዳለው አልተናገሩም፣ ያን ያህል አልጨከኑም፤ ቃሉ ግን በሳምንቱ እርሻውን አዳረሰው። አንዱ አንዷን አተኩሮ ካየ «ሦስት ዓይን ተወላት» ይባላል። ቀልዱን የማያውቁት አባቷ ብቻ ናቸው። ለእሳቸው የሚቀልድ ሰው የለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በውሃ መሳቢያው ክፍል ውስጥ፣ መቀሱ ያን ጊዜ የጀመረውን ነገር ሊጨርሰው ፈለገ። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ፊቱን ወደ ጆሮዋ አስጠግቶ ነው የተናገረው።

«ከሸለቆው ማዶ ያለው እርሻ የገራዦች አለቃ አድርጎኛል። ቤት አለው፤ ሁለት ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ። ነገ መኪናው ሠራተኛውን ይዞ ሲሄድ እሄዳለሁ። ወይም አልሄድም።»

«ወይም ማለት?»

«እሺ ካልሽኝ፣ መኪናው ሳይነሳ አባትሽ ፊት ቆሜ እጠይቃቸዋለሁ። በጓሮ መሽሎክሎኩ ሰልችቶኛል። ዋሽቼሽ እንደሆን ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«ወንድሜ ይገድልሃል።»

«ይሞክራ።»

አፏን ስትከፍት ጣቱን ከንፈሯ ላይ አደረገ። «አሁን አትንገሪኝ። በአፍሽ ከሆነ ታባብይኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። በመቀስ ንገሪኝ፤ መቀስ አያባብልም። የመጨረሻው ረድፍ፣ የመጨረሻው ወይን። እሺ ካልሽ ሦስት ተዪ። እምቢ ካልሽ ሁለት።»

በሰው ፊት «እርስዎ» ነው የሚላት። ብቻቸውን ሲሆኑ «አንቺ»። ሁለት ዓመት የኖረችው በዚያች «አንቺ» ነበር።

እና አሁን፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ የመጨረሻውን ወይን የመጨረሻ ጉቶ በቀኝ እጇ ያዘች። ከታች ቆጠረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከሦስተኛው በላይ ቆረጠች። ግራ እጇ ስለሚቀናት ቁርጧ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ መቀሱ «ያንቺን ቁርጥ በጨለማም በጣቴ አውቀዋለሁ» ይላታል። ወዲያው አንዲት ጠብታ ከቁስሉ ወጣች። በጣቷ ጫፍ ነካቻት፤ ቀዝቃዛ ናት። በዚህ ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ሰው ሙሉ መልስ ሰጠች፤ ደስታው ግን ፍርሃት ይመስላል።

*

ታላቅ ወንድሟ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነበር። ትራክተሩን የሚነዳው፣ ምሰሶ የሚተክለው፣ ሽቦ የሚወጥረው እሱ ነው። ያን ጠዋት አንድ ሠራተኛ የገረዛ መቀሱን ትራክተሩ መቀመጫ ላይ ረስቶት ቢያገኝ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ እስኪጣመም ቀጠቀጠው። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። ያለፈው ሳምንት ደግሞ የእህቱን ሻርፕ ከውሃ መሳቢያው ክፍል በር ላይ አግኝቶት ነበር። ወርውሮላት «የማንን ደም ልታስፈስሺ ነው?» ብቻ ነው ያላት። መልስ አልጠበቀም። እሷም እንቅልፍ አላገኘችም።

ወደ እኩለ ቀን ገራዦቹ ወደ መጨረሻው ረድፍ ዳር ደረሱ። እሷ ከረድፉ ራስ ሆና፣ ያመለጣትን ስህተት እየፈለገች መስላ፣ መቀሱን ታያለች። የመጨረሻው ወይን ጋ ደረሰ። ጎንበስ አለ።

ቀና ሲል ይስቃል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም። ጎንበስ እንዳለ ቆየ፤ አውራ ጣቱን ጉቶው ጫፍ ላይ አድርጎ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ያ አስተያየት ከሩቅ እንኳ ይሰማል፤ ከውስጥ እንደተቀረቀረ በር ነበር።

መሣሪያ ቤቱ ውስጥ ደረሰችበት። የገረዛ መቀሱን በጨርቅ ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በቦታው ሰቅሎት ነበር።

«ሥራዬን ጨርሻለሁ» አለ።

«እና?» አለችው።

«እና መልስዎ ደርሶኛል።»

«እርስዎ» ሲላት ዞር ብላ አየች። በሩ ላይ ሰው የለም። ብቻቸውን ናቸው።

«እምቢ ማለት መብትዎ ነው» አለ ፊቷን ሳያይ። «ግን በአባትዎ እጅ መላክ አልነበረብዎትም። የእርሳቸውን ቁርጥ የማላውቀው መስሎዎት ነው? ቢያንስ ራስዎ ቢቆርጡት።»

«ምን እያልክ ነው? የምን አባቴ?»

«አምላክ ያክብርልኝ።»

እማማ ቋጠሮ የጨርቅ ማሰሪያዎቻቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው ገቡ። «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ የተገረዘ ወይን መሰለ?» አሏት። እሱ በአጠገባቸው ሹልክ ብሎ ወጣ። ሴትዮዋ በዓይናቸው ሸኙትና «ኧረ ዛሬስ ሰዉ ሁሉ መቀስ ውጧል» አሉ።

እሷ ግን የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እርስዎ።» ከውጭ የመጣ ሰው ሳይኖር፣ በባዶ ክፍል ውስጥ፣ «እርስዎ»። በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር።

*

ምሳ ላይ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። አባቷ በገረዛ ማብቂያ ቀን ፊታቸው ይፈታል። ዳቦውን ቆርሰው ለሁለቱም ሰጡና ሾርባቸውን እያማሰሉ ፈገግ አሉ።

«ዛሬ ጠዋት አንድ ጉድ አገኘሁ» አሉ። «የመጨረሻዋ ወይን ላይ፣ የመጨረሻው ጉቶ ላይ። ሦስት ዓይን!»

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ።

«አስተካከልኩት እንጂ ምን አደርጋለሁ። ሁለት ዓይን ይበቃል። ማን እንደቆረጠውም አውቄያለሁ፤ ቁርጡ ተናግሯል። ግን ብሞት አልናገርም።» ይህን ሲሉ ልጃቸውን በዓይናቸው ጠቀስ አደረጓት። የልጃቸው እጅ መድከሙን አይተው፣ ሠራተኛው ሳይስቅባት ቀድመው በገዛ መቀሳቸው የሸፈኑላት መስሏቸው ነበር። ከልብ የመጣ ደግነት ነበር።

«ቆረጥከው?» አለች። ድምፅዋ ከራሷ የመጣ አልመሰላትም። «አባዬ፣ ቆረጥከው?»

ከጠረጴዛው ማዶ ወንድሟ ማኘኩን አቆመ። ቀልዱን ያውቃል። ሠራተኛው ከትራክተሩ ኋላ ሲንሾካሾክ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል።

«ሦስት ዓይን» አለ ቀስ ብሎ። «አባዬ፣ ቁርጡ የማን ነበር?»

«ተወው እንግዲህ። እህትህ ናት፤ ሰው ይደክመዋል…»

ጠረጴዛው ተገለበጠ። ሾርባው አባቷ ጭን ላይ ፈሰሰ፤ ሳህኑ ግድግዳ ላይ ተፈረከሰ። ወንድሟ ፀጉሯን በጭብጡ ጠቅልሎ ከወንበሯ አነሳት።

«ለማነው የተውሽው?»

«ልቀቀኝ።»

«ለማነው?!»

የመጀመሪያው ጥፊ ጆሮዋን አደነቆረው። ሁለተኛው ከንፈሯን ሰነጠቀው። አባቷ «ተው! ተው እልሃለሁ!» እያሉ የልጃቸውን ክንድ ያዙ፤ በክርኑ ገፍቶ ከግድግዳው አጋጫቸው። የሚገርመው ነገር እሷ እሱን አልፈራችም። ከውጭ የመኪናው ሞተር ሲነሳ ሰምታለች። የምትፈራው መኪናውን ነበር። ሊሄድ ነው። ሦስት እንደነበር ሳያውቅ ሊሄድ ነው።

«ለመቀሱ» አለች፣ ደሟን ሳትጠርግ። «እሺ ብዬዋለሁ። አሁን ልቀቀኝ፤ ሄጄ ልንገረው።»

ለቀቃት። በሩ አጠገብ የቆመውን ድጂኖ፣ ያን ምሰሶ የሚተከልበትን ከባድ ብረት፣ ብድግ አድርጎ ወጣ። ያኔ ነው የፈራችው።

*

መኪናው የቆመው ከመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ነበር። መቀሱ ሻንጣውን ወደ ላይ እያቀበለ ነው። ወንድሟ ሲሮጥ ያየው ሰው ሁሉ ተበተነ፤ አንዱ ከመኪናው ላይ ዘሎ ወረደ።

«ዓይን አውጣ!» ብሎ ጮኸ ወንድሟ። «በእኔ ቤት! በእኔ እህት!»

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ደረቅ ሐረግ ሲቀነጠስ የሚያወጣው ድምፅ ነበር። መቀሱ ግን አልወደቀም፤ በደህናው እጁ የወንድሟን አንገት አንቆ ተያይዘው በተቆረጠው ሐረግ ክምር ላይ ተንከባለሉ። ጥርስ፣ ክርን፣ ጉልበት ነበር። የሐረጉ ስንጥር ፊታቸውን ቧጨረው። ወንድሟ አውራ ጣቱን ነከሰው፤ መቀሱ በግንባሩ አፍንጫውን መታው፣ ደሙ አገጩ ድረስ ወረደ። ከዚያ መቀሱ ከላይ ሆነ። ጡጫው ተነሳ። ከሥሩ ያለው ሰው ፊት ክፍት ነበር፤ አንድ ምት ይበቃዋል።

ያኔ እሷን አያት። ጫማ ሳታደርግ፣ አፏ በደም ተበክሎ፣ በረድፉ መካከል ስትሮጥ።

«ሦስት ነበር!» ትላለች። «ሦስት ነበር!»

አልሰማትም ይሆናል፤ ሞተሩ ይጮኻል። ግን ጡጫው አየር ላይ ቀረ። ወንድሟ ነው፤ እሱን መትቶ እንዴት ያያታል? ቀስ ብሎ ከላዩ ተነሳ፣ ወደ ኋላ ሄዶ የጫፉን ምሰሶ ተደገፈ። የተሰበረ ክንዱ ተንጠልጥሏል።

ወንድሟ ድጂኖውን አነሳ። ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ጭንቅላቱ ሰነዘረው። መቀሱ ዝቅ አለ። ብረቱ ሰው አላገኘም፤ ምሰሶው ላይ ያለውን የላይኛውን ሽቦ መያዣ አገኘ።

በረድፉ ሙሉ ርዝመት ተወጥሮ የነበረው ሽቦ ባንዴ ተለቀቀ። እንደ ጅራፍ ጮኸ። የተለቀቀው ጫፉ ተጠቅልሎ ተመለሰና የመቀሱን ፊት ከግንባሩ እስከ ጉንጩ አለፈበት።

ለአፍታ ምንም አልሆነም። ቆሞ ነበር። እጁን ወደ ቀኝ ዓይኑ ወሰደ፤ በጣቶቹ መካከል ደም ብቻ ያልሆነ ነገር ፈሰሰ። ከዚያ የሰው የማይመስል ድምፅ አወጣና ተንበረከከ።

እሷ አጠገቡ ደርሳ ነበር፤ እማማ ቋጠሮ ማሰሪያ ጨርቃቸውን ሁሉ ከትከሻቸው አውርደው ወረወሩላት። ፊቱን ደረቷ ላይ ደግፋ ዙሪያውን ጠቀለለችው፤ ጨርቁ ወዲያው ራሰ፤ ሌላ ጨመረች። አሮጊቷ ጫፉን ቋጠሩላት። አፋቸውም ያኔ አብሮ ተቋጠረ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ እርሻ ስለ ሦስት ዓይን የቀለደ የለም።

«ይሂዱ…» አለ ከጨርቁ ሥር። «እርስዎ ይሂዱ… ደም ይነካዎታል…»

ሰዎች ከእጇ ተቀብለው መኪናው ላይ ጫኑት። እሷ ዞር ስትል ወንድሟ ተንበርክኮ ነበር። አስመልሶታል፤ እጆቹን እያገላበጠ ያያል። ድጂኖው አጠገቡ ወድቋል። አነሳችው። ከባድ ነበር፤ ግን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አደረሰችው።

«ምቺኝ» አለ። ቀና ብሎ አያት፤ ራሱንም አልከለለም። «ምቺኝ በቃ።»

ሁለቱም ዓይኖቹ ደህና ነበሩ። ክፍት፣ እርጥብ፣ ደህና። ያንን ስታይ የተሰማት ጥላቻ ክንዷን አዛለው እንጂ አላበረታውም፤ ብረቱ ከኋላዋ ወደቀ።

አባቷ ሾርባ በነካው ሱሪያቸው እያነከሱ ደረሱ። የተበጠሰውን ሽቦ አዩ። ደሙን አዩ። የገረዛ መቀሳቸው እስካሁን ወገባቸው ላይ ነበር።

«ሁለት ዓይን ይበቃል አላልክም፣ አባዬ?» አለቻቸው። «ይኸው። አሁን ደግሞ አንዱን ቀነስንለት።»

ሽማግሌው ልጃቸው እንዲህ ስትናገራቸው ሰምተው አያውቁም ነበር፤ እሷም ራሷን እንዲህ ስትጠላ አታውቅም።

*

ወንድሟ በዚያው ቀን በእግሩ ሄዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ። ማንም አልሸኘውም።

በማግስቱ ጠዋት አባቷ ሳትጠራቸው ከኋላዋ መጡ። የመጨረሻው ወይን ሥር ተንበርክካ በእጇ ቅርፊትና ቁርጥራጭ እየበተነች ነበር።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የቆረጥከውን።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቁም። አርባ ዓመት ገርዘዋል፤ የቆረጡት ነገር ከእጃቸው ወጥቶ የት እንደሚወድቅ ያውቃሉ። ከወይኑ በስተቀኝ፣ ከምሰሶው ወዲያ ማዶ፣ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ጮኸ። ደም የነካውን አፈር ሳይጠየፉ በጣቶቻቸው አጠለሉት።

«ግራ እጅሽ መሆኑን አይቼ ነበር» አሉ ሳያዩዋት። «ልጄ ተሳሳተች ብዬ አፈርኩልሽ። መልእክት መሆኑን እንዴት ላውቅ? እኔ ወይን ብቻ ነው የማነበው።» ቆዩና መዳፋቸውን ዘረጉ። ከአመልካች ጣት የማትበልጥ ቁራጭ ነበረች፤ መሃሏ ላይ አንዲት ዓይን ያላት። «ይቺ ናት?»

ይቺ ናት።

ሆስፒታሉ ውስጥ በመጋረጃ የተከለለ ጥግ ሰጥተውታል። አባቷ ከመጋረጃው ውጭ ኮፍያቸውን ይዘው ቆሙ። እሷ ገባች። ቀኝ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ሐኪሙ ትናንት እንዳወጡት ለእሷም ነግሯታል። ግራው በእብጠት ግማሽ ተከድኗል። ሲያያት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መምጣት አልነበረብዎትም።»

«እርስዎ አትበለኝ።»

«ሊያዝኑልኝ ከሆነ የመጡት ይመለሱ። መልስዎን ቆጥሬያለሁ። ሁለት ነው።»

«ሦስት ነበር።»

«ያኔ ሁለት ዓይን ነበረኝ፤ ቆጠራ አልተሳሳትኩም» አለ። «ቁርጡም የአባትዎ ነው። ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ንጹህ።»

ደህናውን እጁን ይዛ መዳፉን ከፈተችና ቁራጯን አስቀመጠችለት።

አላያትም፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ከታች ጀመረ። «ይሄ የአባትዎ ነው» አለ። ጣቱ ወደ ላይ ወጣ፣ በመሃል ያለችውን ዓይን አለፋት፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ደረሰ። ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ። ከመጋረጃው ውጭ ያለ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ።

«ይሄኛው…» አለ። «ይሄኛው ወደ ግራ ነው።»

ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

«ያንቺ ነው» አለ። «ያንቺ እጅ ነው።»

«አንቺ» ሲላት ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ለደሙ አላለቀሰችም፣ ለጥፊውም። ለዚያች አንዲት ቃል ግን ግንባሯን አልጋው ብረት ላይ ደግፋ እንደተገረዘ ወይን ተንጠባጠበች። እጁ ፀጉሯን ፈልጎ አገኘ።

«ስሚኝ» አለ ቆይቶ። «እኔ የከትናንት ወዲያው ሰውዬ አይደለሁም። አንድ ዓይና ሰው ርቀት አይለካም፤ መቀሱን ሐረግ ነው ብሎ ጣቱ ላይ ይዘጋዋል። አለቅነቱ ቀርቷል። መስኮቱ ፀሐይ መውጫ የሚያየው ቤትም ቀርቷል። ያልሽው እሺ ለሌላ ሰው ነበር።»

«ስንት ዓይን አለህ?»

«አትቀልጂብኝ።»

«ስንት?»

«አንድ።»

«እኔስ?»

«ሁለት…»

«ደምረው።»

ሲቆጥር የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ግማሽ የተከደነው ዓይኑ ከአንዱ ዓይኗ ወደ ሌላው ሄደ፣ ከዚያ ተከደነና እንባው በእብጠቱ ዳር ወረደ። ሊስቅ ሞከረ፣ ፋሻው ሥር ያለው ቁስል ግን ሳቁን ከለከለው።

«አባትሽ ከሰሙ» አለ፣ «መጥተው ያስተካክሉታል።»

ከመጋረጃው ውጭ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አልነካውም» አሉ።

በመጋረጃው ውስጥ፣ በአንድ አልጋና በአንድ ወንበር መካከል፣ ሦስት ዓይን ነበር።